ቢላውን ለማን ነው የምታቃጥዪው?

ባለቤቴ ጂግሶ የሞተ ዕለት ሁለት ነገር ተነገረኝ። ሐኪሙ «ደም ረግቶ ሳንባው ውስጥ ገብቶ ነው» አለኝ። የቤተ ክርስቲያናችን ወንጌላዊ «ጌታ ወሰደው» አለኝ። ሁለቱንም አመንኳቸው። ሐኪሙን የረጋውን ደም አይተኸዋል ወይ ብዬ አልጠየቅሁትም። ወንጌላዊውንም ሲወስደው አይተሃል ወይ አላልኩትም። ሰው ሲደነግጥ የሰጡትን ይቀበላል። ሁለቱንም ተቀብዬ አግዳሚ ወንበሩ ላይ ተቀመጥኩ፤ ቆይቶ አንዲት ነርስ መጥታ ቦርሳዬን መሬት ላይ እንደጣልኩት ነገረችኝ።

የምነግራችሁ ግን ስለዚያ ቀን አይደለም። ከዚያ በኋላ ስለመጣ፣ ከማለዳ እስከ ማምሻ ስላለቀ አንድ ሌላ ቀን ነው። ቀስ ብዬ ነው የምጽፈው። አንዳንድ ቀን አንድ አንቀጽ ጽፌ እተኛለሁ፤ ስለዚህ አንዱ ቦታ ላይ ረጋ ብዬ፣ ሌላው ቦታ ላይ ደክሞኝ ብታገኙኝ አትታዘቡኝ።

ዲላ ተወልጄ ዲላ ያደግሁ ነኝ። አባቴ ከሰሜን መጥቶ ገበያው ውስጥ ጨርቅ ይነግድ ነበር፤ ክርስትና የተነሳሁት በኦርቶዶክስ ቤተ ክርስቲያን ነው። አንደኛ ደረጃ ትምህርት ቤት አማርኛ አስተምራለሁ። ጂግሶ ደግሞ የኢዲዶ መንደር ገበሬ ልጅ፣ ጌዴኦ፣ ከእናቱ ጀምሮ ፕሮቴስታንት ነበር። ስንጋባ ወደ እሱ ቤተ ክርስቲያን ሄድኩ። አባቴ ትንሽ አኩርፎ ተወው። ልጅ አልወለድንም።

ጂግሶ የግብርና ባለሙያ ነበር፤ ሥራው የሰብል በሽታ ነው፤ በተለይ የእንሰት። ሌሎች ሴቶች ባሎቻቸው ስለ ኳስ ያወሩባቸዋል። የእኔ ስለ አጠውልግ ያወራ ነበር። አጠውልግ እንሰትን ከውስጥ ጀምሮ የሚያደርቅ በሽታ ነው። «የታመመውን የቆረጠ ቢላ ጤነኛውን ሲቆርጥ ባክቴሪያውን ይዞለት ይሄዳል። ቢላውን እሳት ውስጥ አስገብቶ ማውጣት ነው፤ ሌላ መድኃኒት የለውም» ይለኛል። ይህን አረፍተ ነገር ስንት ጊዜ እንደሰማሁት እግዜር ይወቀው። እኔ የተማሪዎቼን ቃለ ጽሕፈት እያረምኩ «እሺ» እላለሁ። አንድ ጊዜ ሥልጠና ሄዶ ባክቴሪያውን በማይክሮስኮፕ አይቶት መጣ። «ትናንሽ በትር ይመስላል» አለኝ። እኔም በትር ነው ብዬ ተቀበልኩ።

ኢዲዶ ተቀበረ። ክረምት ስለነበርና ትምህርት ቤት ስለተዘጋ እኔም እናቱ ዘንድ ቀረሁ።

እማዬ ነው የምላት። አማርኛን ስትናገር እንግዳ ቤት እንደገባ ሰው ተጠንቅቃ ነው፤ ሴትና ወንድ ግን አትለይም። እኔን አንዳንዴ «አንቺ»፣ አንዳንዴ «አንተ» ትለኛለች። «አንተ» ስትለኝ ደስ ይለኝ ነበር፤ ምክንያቱን አትጠይቁኝ።

እዚያ በቆየሁበት ጊዜ አንድ ነገር ሆንኩ። መጸለይ ተውኩ። ተቆጥቼ አይደለም። አፌን ስከፍት የሚመጣልኝ ቃል ስለጠፋ ነው። ማዕድ ላይ እማዬ ስትጸልይ ዓይኔን እጨፍናለሁ፤ «አሜን» ስትል እገልጣለሁ። በመካከሉ ምንም አልልም። ማንም አላወቀብኝም። መምህር ስለሆንኩ ዝምታዬ እንደ ጨዋነት ይቆጠርልኝ ነበር።

አንድ ቀን ከሰዓት በኋላ ከቤቱ ጀርባ ስወጣ ከእንሰቶቹ አንዷ መሀል ቅጠሏ ቢጫ ሆኖ፣ ወገቡ ላይ ታጥፎ ተንጠልጥሎ አየሁ። ሌሎቹ ቀጥ ብለው ቆመዋል።

«እማዬ፣ ይህቺ ምን ሆና ነው?»

«አዘነ» አለችኝ። «ጂግሶ ነው የተከለው። ጂግሶ ሞተ፤ እሱም አዘነ።»

የቅጠሏን አገዳ ቆረጥኩና ጠበቅሁ። ከቁርጡ ላይ እንደ መግል ያለ ቢጫ ነገር ወጣ። ጂግሶ እራት እየበላን ስልኩ ላይ ከሚያሳየኝ ፎቶዎች አንዱን ይመስላል።

«ሐዘን አይደለም፣ እማዬ። አጠውልግ ነው።»

«አንተ ሐኪም ነው?»

«ጂግሶ ነው የነገረኝ።»

«ለእኔም ነገረ። ባክቴሪ፣ ባክቴሪ። ድሮም ወሬ ይወዳል» አለችና አገዳውን ከእጄ ተቀብላ አሸተተችው።

ነገሩን ክፉ ያደረገው ማግስቱ ነው። ለቀብር የመጣው ሰው ሁሉ ሲበላ ስለከረመ የተፋቀ እንሰት ተቀብሮ የሚብላላበት የእማዬ የቆጮ ጉድጓድ ባዶ ሆኗል። የቤተ ክርስቲያን ሴቶች በማግስቱ ደቦ ሊመጡላት ነበር፤ የደረሱትን እንሰቶች ቆርጠው፣ ፍቀው፣ ጉድጓዱን ሊሞሉላት። ደግ ሴቶች ናቸው። የደቦው አለቃ አስቴር የጂግሶ አክስት ልጅ ናት። ባለፈው የሠሩት እሷው ቤት ነው። የአስቴርን ጓሮ ደግሞ አንድ ቀን ልጠይቃት ሄጄ አይቼዋለሁ፤ ግማሹ እንሰት አንገቱን ደፍቷል። እሷ ፍልፈል ነው ትላለች። እነዚያው ቢላዎች ናቸው ነገ እማዬ ጓሮ የሚገቡት።

ዲላ ወይም ሌላ ከተማ ላላችሁ ይህ ቀላል ሊመስላችሁ ይችላል። እማዬ ጥቂት ቡና አላት፤ ቡና ግን አይበላም። ዓመቱን ሙሉ የምትበላው ያንን ጓሮ ነው። እንሰት ተተክሎ እስኪደርስ ዓመታት ይፈጃል። ያ ጓሮ ከጠፋ እንደገና ተክላ፣ ጠብቃ፣ ፍቃ ለመብላት ዕድሜዋ አይበቃም። ልጇም የለም።

ስለዚህ በማግስቱ ማለዳ ዶማ አነሳሁ። ጂግሶ «ሥሯን እንዳትተዉ፣ ቁርጥራጯንም መሬት ላይ እንዳትጥሉ» ይል ስለነበር የታመመችውን ከነሥሯ ነቀልኳት። ጥልቅ ጉድጓድ ቆፍሬ ቆራርጬ ቀበርኳት። ገጀራውን እሳት ውስጥ አስገብቼ አወጣሁ። ከዚያ ማንም ሳያልፈኝ እንዳይገባ እሳቱን አጥሩ በር ላይ አንድጄ፣ ገጀራዬን ይዤ አጠገቡ ተቀመጥኩ። ጥቁር ልብስ ለብሻለሁ። እጄና ቀሚሴ ጭቃ ነው። ጂግሶ የሚለውን እንዳልረሳ «መጀመሪያ እሳት፣ ከዚያ ጤነኛው፣ እንደገና እሳት» እያልኩ ለራሴ እደግመዋለሁ።

አንድ ሞተረኛ በመንገዱ ሲያልፍ አየኝ። ቀስ አለ። ከዚያ ከመጣበት ፍጥነት በላይ ሄደ።

ሴቶቹ ሲመጡ ብቻቸውን አልነበሩም። ከፊታቸው የኢዲዶው ቤተ ክርስቲያን ወንጌላዊ ምትኩና አቶ ዱካሌ ነበሩ። ወንጌላዊው ወጣት ነው፤ ደግ፣ ፈጣን ተናጋሪ። አቶ ዱካሌ የቤተ ክርስቲያኑ ሽማግሌ ናቸው፤ ቡና ገበሬ፣ ሁለት እጃቸውን ከኋላ አጣምረው የሚሄዱ፣ ከሚናገሩት የሚሰሙት የሚበዛ ሰው። ከኋላ አስቴርና ሴቶቹ ቢላቸውን ይዘው ቆመዋል።

«እህት ትዕግሥት፣ እንደምን አደርሽ? ጌታ ያጽናሽ» አለ ወንጌላዊው።

«አሜን።»

«ትንሽ ነገር ሰምተን ነው። ጉድጓድ ቆፍረሽ ነበር?»

«አዎ።»

«የቀበርሽው ነገር አለ?»

«አለ።»

«ምንድን ነው?»

«ጂግሶ የተከላት እንሰት።»

ወንጌላዊው አቶ ዱካሌን አየ። አቶ ዱካሌ እሳቱን አዩ።

«ይህ እሳትስ?»

«ቢላ ማቃጠያ ነው።»

«ቢላውን ለማን ነው የምታቃጥዪው?»

አሁን ሳስበው እዚህ ላይ ቆም ማለት ነበረብኝ። ግን እንቅልፍ አጥቼ ነበር፤ ከሌሊቱ ጀምሮ የማስበውም አንድ ነገር ብቻ ነበር።

«ለባክቴሪያው» አልኩ።

ከሴቶቹ አንዷ «ኢየሱስ!» አለች።

«እሱ… መንፈስ ነው?» አለ ወንጌላዊው ድምፁን ዝቅ አድርጎ።

«አይደለም። ሕይወት ያለው ነገር ነው።»

«ይታያል?»

«አይታይም።»

«የት ነው የሚኖረው?»

«አሁን እነሱ ቢላ ላይ ነው።»

አስቴር የያዘችውን ቢላ ከራሷ አራቀችው።

«ምን ያደርጋል?»

«ይገድላል።»

«በምን ይለቃል?»

«በእሳት።»

መልሶቼ ሁሉ ትክክል ነበሩ። ፈተና ቢሆን ሙሉ ማርክ አገኝ ነበር። ወንጌላዊው ግን በያንዳንዱ መልስ ፊቱ እየገረጣ ሄደ፤ በመጨረሻው ላይ መጽሐፍ ቅዱሱን ከብብቱ አውጥቶ በእጁ ያዘው።

«አንቺ የዲላ ልጅ!» አለች አስቴር። መታገሥ አቅቷታል። «ይሄ እኮ አያቶቻችን የተዉት ነገር ነው! ሰው ሲሞት ደጃፍ እሳት አንድደው፣ የሟቹን ነገር ቀብረው፣ ብረት አቃጥለው፣ ሞቱ ተመልሶ እንዳይመጣ። ማን አስተማረሽ? ጠንቋይ ዘንድ ሄድሽ?»

«ጂግሶ ነው ያስተማረኝ።»

«የወንድሜን ስም አታንሺ!»

ይህንን አላውቅም ነበር። ጨርቅ ነጋዴ ቤት ነው ያደግሁት። ጂግሶም፣ ነፍሱን ይማርና፣ ቢላ በእሳት አቃጥሉ እያለ በየቀበሌው ሲዞር ሽማግሌዎች ለምን ፊታቸውን እንደሚያጠቁሩበት አንድም ቀን አልነገረኝም። ገበሬው ሳይንስ አይገባውም እያለ ይበሳጭ ነበር። ምናልባት እሱም አላወቀው ይሆናል፤ እናቱ ቤት ያ ነገር ከቀረ ቆይቷል።

አቶ ዱካሌ ለመጀመሪያ ጊዜ ተናገሩ። «አባቴ አድርጎታል» አሉ። «ልጅ ሆኜ አይቻለሁ። ትተነዋል።»

«እኔ ያንን እያደረግሁ አይደለም፣ አባባ።»

«ልጄ፣ ከውጭ ሲታይ ግን ያው ነው።»

ወንጌላዊው በደግነት፣ ግን ጠንከር ብሎ፣ እህቶች በዚህ እሳት አልፈው መግባት እንደማይችሉ፣ ሕሊናቸው እንደሚቆሽሽ ነገረኝ። እኔ ደግሞ ቢላቸው ሳይቃጠል ማንም እንደማይገባ ነገርኩት። አስቴር «እንግዲያው እንሄዳለን፤ የሌላም ቤት ሥራ አለን» አለች። እማዬ በሩ ላይ ቆማ አንዴ እኔን፣ አንዴ እነሱን ታያለች። ከሄዱ ጉድጓዷ ባዶ ይቀራል፤ ከቤተ ክርስቲያን ጋርም ትጣላለች። ከገቡ ጓሮዋ ያልቃል። ሁለቱም የሚሆነው በእኔ ነው።

«አንቺ ሳይንስ ነው ትያለሽ» አለ ወንጌላዊው። «ሳይንስ ግን የሚታይ ነገር ነው። በማይታይ ነገር ማመን የእኛ ነው። ያላየሽውን እንዴት አመንሽ?»

«ባሌ ነገረኝ።»

«እሱ አይቶታል?»

«አንድ ጊዜ።»

«እንግዲህ አንድ ሰው አንድ ጊዜ አይቻለሁ ብሎ ስለነገረሽ ብቻ…»

አልጨረሰውም። የገዛ ስብከቱ ትዝ ያለው መሰለኝ። አቶ ዱካሌ መሬት መሬት አዩ።

«ሌላ ምልክት የለውም?» አሉኝ ቀስ ብለው። «በደንብ አስቢ፣ ልጄ።»

አሰብኩ። አንድ ጊዜ ጂግሶ ፍስሐ ገነት ከተማ ገበሬ ሊያሠለጥን ሲሄድ አብሬው ሄጄ ነበር። እኔ ከኋላ ተቀምጬ ወረቀት ሳርም እሱ ከፊት ብርጭቆ ይዞ ቆሞ ነበር። ብርጭቆው ውስጥ ውሃ ነበረ። ውሃው ውስጥ ከታመመ እንሰት የተቆረጠች ስስ ቁራጭ። ሰዉ ሁሉ አንገቱን አስግጎ ያያል።

«አለ» አልኩ። «ግን የቀበርኩትን ማውጣት አለብኝ።»

ይህም አልጠቀመኝም። አስቴር «ጭራሽ ታወጣዋለች!» አለች። ቢሆንም ማንም አልሄደም። ሁሉም ከኋላዬ ተከትለውኝ ቆፍሬ ሳወጣ ቆመው አዩ፤ ወንጌላዊው ትንሽ ራቅ ብሎ። እማዬ የሻይ ብርጭቆ አመጣች፤ ጠርዙ የተሸረፈ ነው፣ ውሃው ግን ንጹሕ ነበር። ከግንዷ አንድ ስስ ቁራጭ ቆርጬ በክር አንጠለጠልኩና ጫፉን ውሃው ውስጥ አስገባሁ። ብርጭቆውን በርጩማ ላይ አስቀምጠን ከበብነው።

ምንም አልሆነም።

«ውሃ ነው የማየው» አለች አስቴር።

«ጠብቂ።»

«እስከ መቼ?»

አላወቅሁም። ጂግሶ ሰዓቱን ተናግሮ ነበር፤ እኔ ያኔ የአንድ ልጅ ጽሕፈት አልነበብ ብሎኝ ከእሱ ጋር ስታገል ነበር። ውሃው እንደ ጠራ ነው። አንዲት ሴት ሣለች። አንዲት ሌላ ቢላዋን መሬት ላይ አስቀመጠች፤ ለመሄድ ይሁን ለማረፍ አይታወቅም። እማዬ ከጎኔ ቁጢጥ ብላለች፤ ብርጭቆውን ሳይሆን እኔን ነው የምታየው። ያኔ ነው የፈራሁት። ሐኪሙ ሲነግረኝ እንኳ እንደዚያ አልፈራሁም። ጂግሶ ተሳስቶ ቢሆንስ? ያ ሁሉ ዓመት የነገረኝ ነገር ወሬ ቢሆንስ? ሰውየውን ቀብሬዋለሁ፤ አሁን ደግሞ ቃሉንም ልቀብር ነው።

ዓይኔን ጨፈንኩ። አፌ ምንም አላለም፤ ውስጤ ግን አለ። እግዚአብሔር ሆይ፣ አለ፣ እባክህ ባክቴሪያው ይታይ።

ጂግሶ ከሞተ ወዲህ የጸለይኩት የመጀመሪያው ጸሎት ይህ ነው። ለነፍሱ አይደለም፤ ለመጽናናትም አይደለም። ለባክቴሪያ ነው። ሰው ሲጸልይ ለተሻለ ነገር ቢሆን ደስ ይለኝ ነበር፤ የሆነው ግን ይህ ስለሆነ እንዳለ ጻፍኩት።

«ይሄ ምንድን ነው?» አሉ አቶ ዱካሌ።

ዓይኔን ገለጥኩ። ከቁራጯ ጫፍ አንድ ነጭ ክር ወደ ታች እየወረደ ነበር። ወተት ጠብታ ሻይ ውስጥ ሲገባ እንደሚያደርገው፣ ግን በጣም ቀጭን፣ በጣም ቀስ ብሎ። ከዚያ ሌላ ክር። ከዚያ ሌላ። ብርጭቆው ታች ደርሰው መጠቅለል ጀመሩ።

እማዬ በጌዴኦኛ አንድ ነገር ብላ ግንባሯን ያዘች።

«ከጤነኛውም አምጪ» አሉ አቶ ዱካሌ። «ምን ይታወቃል፣ እንሰት ሁሉ ውሃ ውስጥ ይህን የሚያደርግ ቢሆንስ?»

ጥሩ ጥያቄ ነበር። ጂግሶ ቢሰማው ይሰማው የነበረው ደስታ ታየኝ። ገጀራውን መጀመሪያ እሳት ውስጥ አስገባሁ፤ አሁን ማንም አልተናገረኝም። ከጤነኛው ቆርጬ ሁለተኛ ብርጭቆ ውስጥ አንጠለጠልኩ። ጠበቅን። ከመጀመሪያው የበለጠ ጠበቅን። ውሃው እንደ ጠራ ቀረ።

አቶ ዱካሌ ሁለቱን ብርጭቆዎች ወደ ፀሐይ እያነሱ ደጋግመው አዩ።

«ይሄ ክር ነው ባክቴሪያው?» አለ ወንጌላዊው፤ አሁን ከሁሉም በላይ ቀርቧል።

«እጅግ ብዙ ሆነው አብረው ሲወጡ ነው እንዲህ የሚታዩት። አንዱ ለብቻው አይታይም።»

«ሥራውን አየን እንጂ ራሱን አላየንም!» አለ ወንጌላዊው። ፊቱ በራ። ወደ ሴቶቹ ዞረ። «አያችሁ እህቶቼ? እግዚአብሔርም ልክ እንደዚህ ነው! ራሱ አይታይም፤ ሥራው ግን…»

«ወንጌላዊ» አሉ አቶ ዱካሌ።

«አቤት አባባ?»

«ይህ እኮ በሽታ ነው።»

ወንጌላዊው እንደገና ወደ ብርጭቆው ተመለከተ።

«እሁድ ሌላ ምሳሌ ፈልግ» አሉት።

አስቴር መሀል ገባች። «ፀሐዩ ገፋ እኮ! አሁን ቢላውን እናቃጥል ወይስ እንጸልይ? አንዱን ንገሩን፤ እኔ ቤቴ ልጅ ጥዬ ነው የመጣሁት።»

አቶ ዱካሌ እሳቱን አዩ። ረጅም ጊዜ አዩት። በልጅነታቸው ያዩትን እሳት እያዩ እንደነበር አሁን ይገባኛል።

«ሁለቱንም» አሉ። «እሱ መጀመሪያ ይጸልይበት። ለማን እንደሚነድ እሳቱም ይወቅ፣ እኛም እንወቅ።»

ወንጌላዊው ባርኔጣውን አወለቀ። «ጌታ ሆይ፣ ይህን እሳት ባርክ። እነዚህን ቢላዎች አንጻ። የዚህችን እናት ጓሮ ጠብቅ። ያንን…» አንድ ዓይኑን ገልጦ አየኝ። «ስሙ ማን ነበር?»

«ባክቴሪያ።»

«ያንንም አሳፍር።»

«አሜን» አልን። እኔም አልኩ። በመካከሉም ባዶ አልነበርኩም።

ሴቶቹ ተሰልፈው ቢላቸውን አንድ በአንድ እሳት ውስጥ እያስገቡ ገቡ። አስቴር የመጀመሪያዋ ነበረች። ቶሎ ልገላገል ብላ ስለቸኮለች ጣቷን ተቃጠለች፤ አጠገቧ ያሉት ሁሉ የሚስቁበት አንድ የጌዴኦኛ ቃል ከአፏ ወጣ። «ያንቺ ባክቴሪያ ነክሶኛል» አለችኝ ስታልፈኝ። ከዚያም ቆም ብላ፣ በሌላ ድምፅ፣ «የእኔም ጓሮ ይሄ ነው እንዴ?» አለች። ነው አልኳት። ራሷን ነቀነቀችና ገባች። ቀኑን ሙሉ ማንም ከአንዱ እንሰት ወደ ሌላው ሲሄድ ወደ እሳቱ ተመልሶ ነው የሄደው። ማምሻ ላይ ጉድጓዱ ሞላ።

እንግዲህ ቀኑ ይህ ነው። ከዚያ በኋላ የሆነውን ሳላሳምር ልንገራችሁ። ከተቀበረችው አጠገብ የነበሩ ሁለት እንሰቶች ቆይተው ጠወለጉ፤ የቀረው ጓሮ እስከ ዛሬ ቆሟል። የጂግሶ የሥራ ባልደረቦች እሳቱ ነው ይላሉ። ወንጌላዊው ጸሎቱ ነው ይላል፤ ስለ ሁለቱ የጠወለጉት ሲጠየቅ ዝም ይላል፤ ዝም በማለቱ አከብረዋለሁ። አቶ ዱካሌ የራሳቸው በር ላይ እሳት ማንደድ ጀምረዋል። መንገደኛ ለማን ነው ብሎ ሲጠይቃቸው «ለማንም አይደለም፤ ቢላህን ወዲህ በል» ይሉታል አሉ።

እኔን የለወጠኝ ነገር አለ፤ ግን ስትሰሙት ትንሽ ሊመስላችሁ ይችላል። ከዚያ ቀን በፊት ሁለት ዓይነት ሰው አለ ብዬ አስብ ነበር፤ አይቶ የሚያምንና ሳያይ የሚያምን። ጂግሶን ከአንደኛው፣ እናቱን ከሁለተኛው እመድብ ነበር። ራሴን የትም አልመደብኩም። ያን ዕለት በሩ ላይ ገጀራ ይዤ ስቀመጥ ግን ባክቴሪያ አይቼ አላውቅም ነበር። የምወደው ሰው ነግሮኝ ነው የቆምኩት። እማዬም ስለ ጌታ የሰማችው ከምትወደው ሰው ነው። እናንተም የምታምኑትን አንድ በአንድ ብትቆጥሩት አብዛኛውን አንድ የምታምኑት ሰው የሰጣችሁ ይመስለኛል።

ይህን ስል ሁለቱ አንድ ናቸው ማለቴ አይደለም። እንደ ወንጌላዊው ልቸኩል አልፈልግም። ለባክቴሪያው ሁለተኛ ብርጭቆ ነበረን። የአቶ ዱካሌ ጥያቄ ነው ነገሩን የቆረጠው፤ የታመመውን ከጤነኛው ጎን አስቀምጠን አየን። ለሌላው ግን ሁለተኛ ብርጭቆ የለኝም። ያልጸለይኩበትን ያንን ቀን አምጥቼ ከጸለይኩበት ጎን ላስቀምጠው አልችልም። ክሩ ሳልጸልይም ይወርድ ነበር፤ መውረዱ አይቀርም ነበር፤ ይህን አውቃለሁ። የማውቀው ሌላ ነገር ደግሞ ፈርቼ መያዣ ሳጣ ማንን እንደጠራሁ ነው። አስቤ አልጠራሁትም። ለሳምንታት ጠፍቶብኝ የነበረው ቃል ያለ ፈቃዴ መጣ። ይህ ማስረጃ ነው አልላችሁም። የደረሰብኝ ነገር ነው። አሁን እጸልያለሁ፤ ረጅም አይደለም። ባዶ ሲሆንብኝም ባዶ ነው እላለሁ እንጂ ጨዋ መስዬ አልቀመጥም።

ትምህርት ሊከፈት ሲል ወደ ዲላ ልመለስ ተነሳሁ። ሞተረኛው በሩ ላይ ቆሞ ይጠብቀኛል። እማዬ በኮባ የጠቀለለችውን ቆጮ በእጇ ይዛ ቆየች፤ አልሰጠችኝም።

«ያ ብርጭቆ» አለችኝ። «ለጂግሶም ይሠራል?»

መጀመሪያ አልገባኝም። ከዚያ ገባኝ፤ ጂግሶ ጌታ ዘንድ መሆኑን ያሳያል ወይ ማለቷ ነው።

«አይሠራም፣ እማዬ።»

«ለእሱ ሌላ ብርጭቆ የለም?»

«የለም።»

ቅር ያላት አትመስልም፤ ገበያ ሄዳ የፈለገችውን ያጣች ሰው ነው የምትመስለው።

«እሺ» አለች። «እንግዲህ ለእሱ ዝም ብለን እናምናለን። አንተም እመን» ብላ ቆጮውን ሰጠችኝ።

ሞተሩ ዳገቱን ሲጀምር ዞር ብዬ አየኋት። አጥሩ በር ላይ ጎንበስ ብላ፣ ከዚያ ቀን ወዲህ በማታጠፋው እሳት ላይ እንጨት ትጨምር ነበር።